ቀጠሮ ያለበት ሩጫ

ሥራ ውላችሁ፣ ልጅ አብልታችሁ፣ ድካማችሁን ችላችሁ እዚህ እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር ድረስ መጥታችኋል።

የመጣሁበት ጉዳይ ሩጫ ነው። ስለ መጀመር አልናገርም፤ መጀመርማ ሁላችንም እናውቅበታለን። ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል ሲለን፣ የዘመድ ሠርግ ደርሶ ልብሱ አልገባ ሲለን፣ ጫማ እንገዛለን። የመጀመሪያው ሳምንት እግር ያሳምማል፤ በሁለተኛው ሰውነት ይፍታታል፣ ደስ ይለናል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሥራ ያመሸናል፣ በማግስቱ ይዘንባል፣ ከዚያ ወዲያ ጫማው በረንዳ ላይ አቧራ ይለብሳል። ብዙ ሰው ይህ ሲደርስበት ራሱን ሰነፍ ይላል። እኔ አልቀበለውም። ሌሊቱን ፋብሪካ ቆሞ አድሮ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው እንዴት ሰነፍ ይባላል? ጉልበት አለው፣ ፈቃዱም አለው። የሌለው ቢቀር «የት ቀረህ?» የሚለው ሰው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሩጫን እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቃሉ። አዲስ አበባ ላይ ገና ሳይነጋ አትሌቶች ተጠራርተው ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ ይወጣሉ። ጫካው ውስጥ ሲሮጡ ላየ ሰው ከፍጥነታቸው ይልቅ ሰልፋቸው ይገርማል። አንዱ ከፊት ይመራል፣ ሌሎቹ እግር በእግር ይከተሉታል፤ እሱ በዛፎቹ መካከል ሲጠማዘዝ እነሱም ይጠማዘዛሉ፤ እርምጃቸው አንድ እስኪሆን ድረስ ይገጥማል። ማይክል ክሮውሊ የሚባል ከብሪታንያ የሄደ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ፣ ራሱም ጠንካራ የማራቶን ሯጭ፣ አዲስ አበባ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ ከእነዚህ ልጆች ጋር ሲሮጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ሯጮቹ ይነግሩት የነበረው፣ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ያህል ይሮጣል፣ መለወጥ የሚፈልግ ግን ከሰው ጋር መሮጥ አለበት የሚል ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምርበት። እንደኛ ላለ ሠራተኛ ለጤና መሮጡም ቢሆን ብቻውን አይዘልቅም።

ሯጯን ደራርቱ ቱሉን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ የነበረውን ግን ወጣቶቹ ላታስታውሱት ትችላላችሁ። ደራርቱ ያኔ ወልዳ፣ ከውድድር ርቃ ቆይታ የተመለሰች እናት ናት። አጠገቧ የምትሮጠው ደግሞ ያኔ የዓለምን የሴቶች ማራቶን ክብረ ወሰን ይዛ የነበረችው ፓውላ ራድክሊፍ ናት። ወደ መጨረሻው ግድም ፓውላ እግሯን አመማትና ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። ሌላ ሯጭ ቢሆን ይህን ጊዜ ጥሎ ይሄዳል። ደራርቱ ግን ዞር ብላ አየቻት፣ አይዞሽ፣ ነይ፣ አብረን እንሂድ ብላ አበረታታቻት። ፓውላ አብራት መቀጠል ስላቃታት በአራተኝነት ጨረሰች፤ ደራርቱ 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ሮጣ አሸነፈች። ሰው ይህን ሲያወራ ስለ ደግነቷ ነው የሚያወራው፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ደራርቱ ይህን ያደረገችው በልምምድ ከልጅነቷ የለመደችው ስለሆነም ይመስለኛል። በሰልፍ ያደገ ሰው የጓደኛው እግር ሲከብድ ራሱም ይሰማዋል።

ለእስራኤል ወደሚሮጡት ወደ ራሳችን ልጆች ልምጣ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ሙኒክ ላይ በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ተፈሪ በማራቶን ሁለተኛ፣ ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ወጡ። ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር ማሩን የቀደመው በ2 ሴኮንድ ብቻ ነው። በዓመቱ ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማሩ ከኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ቀጥሎ ገብቶ ብር ወሰደ፤ ነሐሱን የወሰደው የኢትዮጵያው ልዑል ገብረሥላሴ ነበር። እነዚህን ሜዳሊያዎች በየቤታችሁ አይታችሁ አልቅሳችኋል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ዛሬ የማነሣው ግን ያን ያህል ያልተወራውን ነው። ሙኒክ ላይ የእስራኤል ወንዶች በቡድን ወርቅ አግኝተዋል። የቡድን ውጤት የሚሠራው የሦስት ሯጮች ሰዓት ተደምሮ ነው። ሁለቱ በግላቸው ሜዳሊያ አጠለቁ፣ ፎቶ ተነሡ። ሦስተኛው በግሉ መድረክ ላይ አልወጣም፤ የእሱ ሰዓት ባይደመር ግን ወርቁ አይገኝም ነበር። ይህን ሦስተኛ ሰው ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ እኛ እንጦጦ አንኖርም። አንዱ ወንድማችን ኔታንያ ነው፣ ሌላው ቤር ሼቫ፣ እህታችን አሽዶድ፣ የአጎታችን ልጅ አዲስ አበባ፣ የአክስታችን ጎንደር። እዚሁ ፔታ ቲክቫ ውስጥ ያለነውም ብንሆን አንዱ የቀን ፈረቃ ሲወጣ ሌላው የማታ ይገባል። ንጋት ላይ አሰባስቦ የሚያሮጠን አሠልጣኝ ከየት ይመጣል? ጓደኞቻችን በአገር ምድሩ ተበትነዋል፤ የምንሮጥበት ሰዓትም እንዲሁ ተበትኗል። ቨርቹዋል የሚሉት ሩጫ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ርቀት ይወሰናል፣ አምስት ወይም አሥር ኪሎ ሜትር እንበል። ቀን ይወሰናል፤ አንዳንዱ አንድ ቀን፣ አንዳንዱ ሳምንት ሙሉ ክፍት ነው። እያንዳንዱ ባለበት ከተማ፣ በሚመቸው ሰዓት፣ በሰፈሩ መንገድ ይሮጣል። ስልኩ ወይም የእጅ ሰዓቱ በሳተላይት እየተከታተለ ርቀቱንና ጊዜውን ይመዘግባል፤ ሯጩ ይልከዋል፣ ውጤቱ ከሌሎቹ ጋር ይሰለፋል። አንዳንዱ አዘጋጅ ሜዳሊያ በፖስታ ይልካል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ ነገር ከኮሮና በፊትም ነበር፤ ዓለም ሁሉ ያወቀው ግን በ2020 ነው። እዚህ አገር ከቤታችን ከ100 ሜትር በላይ እንዳንርቅ የተከለከልንበትን የፀደይ ወር አትረሱትም። ከ1897 ጀምሮ ተሰርዞ የማያውቀው የቦስተን ማራቶን በዚያ ዓመት ተሰረዘና እያንዳንዱ በየሰፈሩ እንዲሮጠው ተደረገ። የለንደን ማራቶንም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 4 ቀን እንዲሁ ሆነ። ሯጩ ሁሉ ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው 24 ሰዓት ውስጥ 42 ኪሎ ሜትሩን በፈለገበት እንዲጨርስ ተፈቀደለት፤ 37,966 ሰዎች በአንድ ቀን ጨርሰው በጊነስ መዝገብ ተጻፈላቸው። በዚያው ዕለት ለንደን ውስጥ በዝግ መንገድ፣ በዝናብ፣ ተመልካች በሌለበት የተመረጡ አትሌቶች ብቻ ሮጡ። ያሸነፈው የኛው ኢትዮጵያዊ ሹራ ቂጣታ ነበር፤ ሁለተኛውን በ1 ሴኮንድ ቀድሞ። ታላቁ የማራቶን ሯጭ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ስምንተኛ ወጣ። ሹራ ያን ቀን ያጨበጨበለት ሕዝብ አልነበረም፤ ነገር ግን በየአገሩ በየመንደሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው ቀን የእሱን ርቀት ይሮጡ ነበር። እኔ ይህ ልቤን ይነካኛል።

ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ ደግሞ አለ። ዊንግስ ፎር ላይፍ የሚባል ሩጫ አለ፤ ገቢው ሕብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ መራመድ ያቃታቸውን ሰዎች ለማዳን ለሚደረግ ምርምር ይውላል። የመጨረሻ መስመር የለውም። በዓለም ዙሪያ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይነሣል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪና ከኋላ ይነሣና ፍጥነቱን እየጨመረ ይከተላል፤ የደረሰበት ሰው ሩጫው እዚያ ላይ ያበቃል። ዛሬ ስልክ ላይ በሚጫን አፕ ማንም ባለበት ሆኖ ይሮጠዋል፤ መኪናው በስልኩ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው በግንቦት 2014 ከ30 በሚበልጡ ቦታዎች ሲካሄድ፣ ከዓለም ሁሉ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ሳይያዝ የቆየው ማን ይመስላችኋል? ከኢትዮጵያ ተሰዶ ኦስትሪያ የገባው ለማወርቅ ከተማ ነው። 78 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሮጦ ነው የተደረሰበት። በሚቀጥለው ዓመትም ደገመው፤ 80 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ይህ ሰው በሌሎች አህጉሮች የሚፎካከሩትን አንዳቸውንም አላያቸውም። አሉ ብሎ አምኖ ነው አምስት ሰዓት ያህል የሮጠው። ሩጫው በሚካሄድበት በግንቦት እዚህ የበጋው ሰዓት ስለሚሠራ ኤን ጋኒምና አዲስ አበባ እኩል ይሆናሉ። ባለፉት ዓመታት እንደተደረገው በሁለቱም ከቀኑ 8 ሰዓት መነሻው ነው። ወንድምህ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲያነሣ አንተም እዚህ ታነሣለህ ማለት ነው።

አሁን ግን አንድ ሰው እጁን አውጥቶ እንዲህ ቢለኝ እውነት አለው፦ ሰውየው አጠገቤ ከሌለ፣ ቁጥር ብቻ ስልኬ ላይ ካየሁ፣ ያ ምን ያበረታኛል? ይህን ጥያቄ በሚገባ ያጠኑ አሉ። ሲናን አራልና ክሪስቶስ ኒኮላይደስ የተባሉ የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከ1 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሯጮችን የ5 ዓመት መዝገብ መረመሩ። ችግራቸው ይህ ነበር፦ ጓደኛሞች ተመሳሳይ ሰዎች ስለሆኑ አብረው ቢሮጡ አንዱ ሌላውን አነሣስቶ ነው ወይስ ሁለቱም ድሮም ሯጮች ስለሆኑ? ይህን ለመለየት የአየሩን ጠባይ ተጠቀሙ። አንዱ ጓደኛ ያለበት ከተማ ዝናብ ዘንቦ ከሩጫ ሲያስቀረው፣ ፀሐይ በወጣበት ሌላ ከተማ ያለው ጓደኛው ምን ያደርጋል? እሱም ይቀንሳል። ያኛው አገር ብራ ሆኖ ሲሮጥ ደግሞ ይሄኛው ይጨምራል። ጓደኞች አንድ ኪሎ ሜትር ሲጨምሩ ሰውየው በዚያው ቀን 300 ሜትር ያህል ይጨምራል። ሐይፋ ላይ የዘነበው ዝናብ ቤር ሼቫ ያለውን ሰው ሶፋ ላይ ያስቀምጠዋል ማለት ነው። አያችሁ ጉዳዩን? የኛ መቅረት የኛ ብቻ አይደለም።

ጥናቱ ሁለት ሌላ ነገርም አግኝቷል፤ ሁለቱም ለኛ ሰፈር ይረባሉ። አንደኛው፣ ብዙ የማይሮጠው ብዙ የሚሮጠውን ያነሣሣዋል፤ ከተቃራኒው ይልቅ ይህ ይበረታል። ጎበዙ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ሲያይ አይተኛም። ስለዚህ እኔ ቀርፋፋ ነኝ፣ ቡድን አበላሻለሁ ብሎ የሚያፍር ሰው ካለ፣ የሙኒኩን ሦስተኛ ሰው ያስታውስ። ሁለተኛው፣ ወንዶች በወንዶችም በሴቶችም ሩጫ ይነሣሣሉ፤ ሴቶች ግን በሴት ጓደኞቻቸው እንጂ በወንዶች አልተነሣሡም። እህቶቼ፣ ይህን ስሰማ የተረዳሁት የሴቶች ቡድን በሴቶች መቋቋም እንዳለበት ነው። ወንዶች ተሰብስበን ሴቶችን ወደ ሩጫ እናምጣ ማለታችንን ትተን፣ ልጆቹን በዚያ ሰዓት ብንይዝላቸው ይሻላል።

እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን የምናደርገውን ልንገራችሁ። ነገሩ በውስጡ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ውስጥ የገባ ሰው ገንዘብ አጠረኝ ብሎ አይቀርም፤ የሌላው ተራ በእሱ መክፈል ላይ ስለቆመ ነው። እኛም በሳምንት አንድ ሩጫ እንጥላለን። የሚከፈተው እሑድ ጠዋት ነው፣ የሚዘጋው ዓርብ ሰንበት ሳይገባ። ዳኛ የለንም፣ ሜዳሊያም የለንም። ያለን ዋትሳፕ ነው፤ ኢትዮጵያ ላሉት ደግሞ በቴሌግራም እናስተላልፍላቸዋለን። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ በድምፅ ይልካል፤ ቁጥሩን ብቻ መላክ በመካከላችን አልወደድነውም።

የድምፁን ምክንያት በአንድ ምሽት ላሳያችሁ። ኔታንያ ያለች ጓደኛችን አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናት። የማታ ፈረቃ ጨርሳ ስትወጣ ሌሊት ነው። አንድ ሐሙስ ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤ ሳዳምጠው መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ውሻ ይጮሃል፣ መኪና ያልፋል፣ ቀጥሎ የእሷ ድምፅ፦ «ጨረስኩ። ሃያ ደቂቃ። የሥራ ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። እናንተስ?» እኔ የሌሊት ልብሴን ለብሼ ነበር። ሰበብ ነበረኝ፤ ጥሩ ጥሩ ሰበብ። ያን ትንፋሽ ከሰማሁ በኋላ ግን አንዱንም ልነግራት አልቻልኩም። ጫማዬን አሰርኩና ወጣሁ። ከቡድኑ ሁለት ሌሎች ሰዎች በዚያው ሌሊት ሮጠዋል። ከቁጥር ይህ አይገኝም።

ስለ ቁጥር ካነሣሁ አይቀር፣ አጥብቄ የማምንበትን ልናገር። ፍጥነት አታወዳድሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፣ ጎንደርም ከ2,000 ይበልጣል። እኛ ያለነው ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። የአጎትህ ልጅ እዚያ አምስት ኪሎ ሜትር በ32 ደቂቃ ሲጨርስ አንተ እዚህ በ30 ብትጨርስ በርትቶ የሮጠው እሱ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው በሐምሌና በነሐሴ እዚህ ያለው ሙቀትና እርጥበት እዚያ የለም። ስለዚህ እኛ የምንሮጠው በደቂቃ ነው እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ሃያ ደቂቃ ከተባለ ሯጩም ሃያ፣ የሚራመደውም ሃያ። ሁሉም እኩል ይጨርሳል፣ ማንም መጨረሻ አይወጣም።

የሚራመደው ስል እናንተን ነው እናቶቼ፣ አባቶቼ። ከመካከላችሁ ወደ እስራኤል ለመምጣት ከጎንደር መንደሮች ተነሥታችሁ ሱዳን ድረስ በእግራችሁ የተጓዛችሁ አላችሁ። በዚያ መንገድ ብቻውን የሄደ የለም። ሕፃን በጀርባ፣ ሽማግሌ በክንድ ተይዞ ነው የተሄደው፤ በመንገድ የቀሩትንም ስማቸውን እስከ ዛሬ ታነሣላችሁ። የልጅ ልጃችሁ አያቴ ዛሬ ሃያ ደቂቃ ሄደች የሚል መልእክት ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግቡልን።

ጥቂት ጥንቃቄ ልናገርና ልጨርስ። በሻራቭ ቀን፣ ሞቃቱ የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ፣ ቀጠሮ ቢኖርም አትሩጡ፤ ቀኑ ስድስት ነው፣ ይዘዋወራል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። ሌሊት የምትሮጡ እህቶች መብራት ባለበት መንገድ፣ ቢቻል ሁለት ሆናችሁ፣ ጆሮ ላይ የሚሰካውን በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጋችሁ። ስልክ ላይ የሮጣችሁበት መንገድ ካርታ ሲወጣ መነሻው የቤታችሁ በር እንዳይሆን፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ የቤታችሁን አድራሻ እንዳትሰጡ፣ በአፕሊኬሽኑ ውስጥ መደበቂያው አለ፤ ልጆቻችሁ ያሳዩአችኋል። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ አንድ ዓርብ ጠዋት ወደ ያርቆን ምንጮች፣ ወደ ቴል አፌክ ውጡ። ውኃ አለ፣ ባሕር ዛፍ አለ፤ የባሕር ዛፉ ሽታ እንጦጦን ያስታውሳል።

ይህች ሰፈራችን ኤን ጋኒም እ.ኤ.አ. በ1908 ስትመሠረት የሠራተኞች መንደር ነበረች። ሰዎቹ ቀን ፔታ ቲክቫ እርሻ ላይ ለደመወዝ ሲሠሩ ውለው፣ ማታ የየራሳቸውን ትንሽ መሬት ይኮተኩቱ ነበር። ከሥራ በኋላ የራስን ነገር ለመሥራት ጊዜ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ይህ መሬት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያይ ኖሯል።

ሐሳቤ ይህ ነው። በኅዳር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አለ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2001 ካስጀመረውና የመጀመሪያውንም ራሱ ካሸነፈው ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አሥር ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ለኛ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የኛን ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ከፍተን እሑድ እኩለ ሌሊት እንዝጋው። ፈረቃው ጠዋት የሆነ ማታ ይሮጣል፣ ማታ የሆነ ጠዋት። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችሁ ከሩጫው ድምፅ ይልኩልናል፤ እኛም ከዚህ እንልክላቸዋለን። አሥር ኪሎ ሜትር የከበደው ለሁለት ሰው ይካፈለው፤ አምስቱን አባት፣ አምስቱን ልጅ።

እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ እንለማመዳለን። የመጀመሪያው የፊታችን እሑድ ይከፈታል፤ ሃያ ደቂቃ፣ መሮጥም መራመድም ይቻላል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስማችሁንና ስልካችሁን ስትጽፉ አጠገቡ የአንድ ሰው ስም ጨምሩ፤ ሌላ ከተማ ያለ፣ ከዚህ ስትወጡ የምትደውሉለት ሰው። ሴቶች የራሳቸው ወረቀት አላቸው፤ እሱን የምትይዘው እዚያ ጥግ የተቀመጠችው እህታችን ናት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።